ሽታው ሲመጣ እርሾው ከርሟል

ይህ አዳማ ላይ ለሆቴል ሠራተኞች፣ ጠጅና የፍራፍሬ ወይን በአነስተኛ ደረጃ ለሚጥሉ ሰዎች እና ለጥቂት የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ወይን የሚያበላሽን እርሾ ሽታው ሳይመጣ እንዴት መፈለግ እንደሚቻል ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬ፣ የተደጋገመውን ቀንሼ፣ በመጨረሻ የተነሡትን ጥያቄዎችም ጨምሬ ነው የጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የአዳማ ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ቀላል አይደለም፤ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ብዙ ሳላወራ በአፍንጫችሁ ልጀምር።

ፊታችሁ ሦስት ብርጭቆ ቀይ ወይን አለ። አሁን አትጠጡት። አንስታችሁ ትንሽ አዙሩትና አሽትቱት። የመጀመሪያው ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ጤነኛ ነው። ሁለተኛውስ? “መድኃኒት” አላችሁ። “የቁስል ፕላስተር” ያለችም አለች። ከኋላ ደግሞ አንድ አባት “የጋሪ ፈረስ ነው የሚለው” አሉ። አባባ፣ በትክክል አግኝተውታል። አዳማ ያደገ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም። ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ውሎ ማታ ጋሪው ሲፈታለት፣ ከፈረሱ ጀርባ ላይ የሚነሳው ላብ የጠጣ የቆዳ ጠፍር ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ወይን ጠማቂዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ የፈረስ ላብ፣ ጋጣ፣ እርጥብ ቆዳ፣ ፕላስተር። አንዳንዴ ጭስና ቅርንፉድም ይቀላቀልበታል።

አሁን ሦስተኛውን አሽትቱ። ምንም የለበትም አይደል? እንደ መጀመሪያው ፍሬ ፍሬ ይላል። ዛሬ እዚህ ያመጣኝ ግን ይኼኛው ብርጭቆ ነው። ከዚሁ ወይን ናሙና ወስጄ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ዘርቼው ነበር፤ በ8ኛው ቀን በቀለ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ያበላሸው እርሾ ሦስተኛው ውስጥም አለ። ሥራውን ገና አልጨረሰም እንጂ ገብቷል።

ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ አንድም ሕያው እርሾ የለም። ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት በጣም ደቂቅ በሆነ ማጣሪያ አልፏል። እርሾው ተጣርቶ ቀረ፤ ሽታው ግን ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነገር ስለሆነ አብሮ አለፈ። ሽታውና እርሾው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ይገኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

እርሾ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ደጉን ነው። ሳካሮማይሲስ ይባላል። ዳቦውን የሚያነሳው፣ የወይኑንና የማሩን ስኳር ወደ አልኮል የሚቀይረው እሱ ነው። ፈጣን ነው። ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ ይደክማል፣ ይሞታል፣ ከሥር ዘቅጦ አተላ ይሆናል። ያኔ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ብሬታኖማይሲስ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው።

በሙያው ያለን ሰዎች አሳጥረን ብሬት እንለዋለን። ዘገምተኛ ነው፤ ቻይም ነው። አልኮሉን ይችለዋል። ምግብ ሲያንሰው በጥቂቱ ይኖራል፤ ደረቅ በምንለው ወይን ውስጥ በሊትር ግማሽ ግራም የማይሞላ ስኳር ቢቀር እንኳ ይበቃዋል። የበርሜል እንጨት ሲሠራ በእሳት ስለሚጠበስ ከእንጨቱም ስኳር ይወጣል፤ እሱንም ይበላል። ሌሎቹ ሁሉ ሲሞቱ ብሬት ወይኑ ውስጥ ወራት ይከርማል።

ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ክላውሰን የሚባል ተመራማሪ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥ የእንግሊዝ ቢራ ውስጥ አገኘው። ብሬታኖማይሲስ ማለት የብሪታኒያ ፈንገስ እንደማለት ነው። ክላውሰን ታዲያ ሊያወግዘው አልነበረም፤ የዚያ ቢራ ልዩ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ እርሾ ነው ብሎ ነው ያቀረበው። ዛሬም ቤልጂየም ውስጥ ኦርቫል የሚባለው የገዳም ቢራ ጠርሙስ ሲገባ ሆን ተብሎ ብሬት ይጨመርበታል። ወይን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። “ትንሽ ብሬት ለወይን ባሕርይ ይሰጠዋል” የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ አልስማማም። ቢራው ውስጥ የተጨመረው ታውቆ፣ ተለክቶ ነው። ወይን ውስጥ የሚገኘው ሳይጠራ የመጣ ነው፤ አንድ በርሜል ላይ “ባሕርይ” የሆነው አጠገቡ ባለው በርሜል የገበሬውን የዓመት ልፋት ይውጣል።

ሽታው እንዴት እንደሚፈጠር በአጭሩ ልንገራችሁ። የወይኑ ፍሬ ውስጥ፣ በተለይ ቀዩ ላይ፣ ኩማሪክ አሲድና ፌሩሊክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች በተፈጥሮ አሉ። በራሳቸው ምንም አይሸቱም። ብሬት እነሱን በሁለት እርምጃ ይለውጣቸዋል። ከኩማሪኩ 4-ኤቲልፌኖል ይወጣል፤ ፕላስተሩና የፈረሱ ላብ እሱ ነው። ከፌሩሊኩ 4-ኤቲልጓያኮል ይወጣል፤ ቅርንፉዱና ጭሱ ከሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቦርዶ ላይ የሻቶኔ ቡድን የሠራው ጥናት ነው ይህን ነገር በወይን ሳይንስ ውስጥ በግልጽ ያስቀመጠው።

ልኩን ስሙ። ሰው 4-ኤቲልፌኖሉን ማሽተት የሚጀምረው በሊትር ከ400 እስከ 600 ማይክሮግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ 1,000 ሊትር ወይን ለማበላሸት ግማሽ ግራም ይበቃል ማለት ነው። በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ወጥ ላይ ከምትነሰንሱት ጨው አይበልጥም። ያንን ግማሽ ግራም ከወይኑ ውስጥ መልሶ ማውጣት ደግሞ፣ ጣዕሙንም አብሮ ሳይወስዱ፣ እጅግ ከባድ ነው። በአፍንጫ ብቻ መጠበቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ አምራች ከአራት በርሜል ናሙና ላከልኝ። ወይኑ ሊሞላ ቀን ተቆርጧል፣ ጠርሙሱና ቡሹ ደርሷል፣ የቀን ሠራተኛ ተጠርቷል፣ ስልኬ በየሰዓቱ ይጮኻል። ናሙናውን አጣርቼ አራት ሳህን ላይ ዘራሁና 28 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩት። በ3ኛው ቀን አየሁት። ንጹሕ፣ አንድም ነጥብ የለም። “ንጹሕ ነው” ብዬ ፈረምኩ። ሳህኖቹን ግን ሳልጥላቸው እዚያው ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀት የሚጠብቀው ሣጥን ውስጥ ረሳኋቸው።

በ9ኛው ቀን በሩን ለሌላ ሥራ ስከፍት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ ያ የፕላስተር ሽታ። ሳህኖቹን አወጣሁ። በሁለቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ ክሬም የመሰሉ፣ ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች ወጥተዋል። አረንጓዴ የነበረው አጋር፣ ማለትም እርሾው የሚበቅልበት የሳህኑ እርጎ መሰል ምግብ፣ በየነጥቡ ዙሪያ ቢጫ ሆኗል፤ እርሾው አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ቀለሙን ይለውጠዋል። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። ቁጥሩ እንዲያንስ ፈልጌ ነው መሰለኝ። ወይኑ ግን ጠርሙስ ከገባ አምስት ቀን ሆኖታል። ደወልኩ። ሰውየው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ታዲያ ያን ቀን ምንድን ነው ያየሽው?” አለኝ። ያየሁት ባዶ ሳህን ነበር። ሳካሮማይሲስ በሁለትና በሦስት ቀን ይበቅላል፤ ብሬት ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ሁለት። በ3ኛው ቀን ባዶ የሆነ ሳህን ስለ ብሬት ምንም አይናገርም። ከዚያ ወዲህ 14 ቀን ሳይሞላ አልፈርምም፤ ማንም ቢጮህብኝ።

ስለዚህ ፍለጋው እንዴት እንደሚሆን እንነጋገር። ብዙ ሰው ስለ መሣሪያው ይጠይቀኛል። ነገሩ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው በፊት፣ ናሙና ሲወሰድ ነው። እርሾ ከላይ እስከ ታች እኩል አይቀመጥም፤ ወደ አተላው ይዘቅጣል። ከላይ ብቻ ቀድታችሁ ብታመጡልኝ በርሜሉ ንጹሕ ሊመስለኝ ይችላል። ከመሃልም፣ ከሥርም መውሰድ አለባችሁ። ከቧንቧ የምትወስዱ ከሆነ አፉን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት፣ መጀመሪያ የወጣውን ድፉት፣ ከዚያ በተቀቀለ ጠርሙስ ተቀበሉ። አለበለዚያ የምትመረምሩት የቧንቧውን አፍ ነው። ከአንዱ በርሜል ቀድቶ ለአሥሩ መፍረድም አይሆንም። አንዱ ታሞ ጎረቤቱ ደህና የሆነበትን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዱን በርሜል የነካ ቱቦ ሳይታጠብ ሌላው ውስጥ ሲገባ ነው በሽታው የሚዞረው።

ማይክሮስኮፕ ካላችሁ እሱን ቀድሙ። ደስ የሚል መሣሪያ ነው፤ ሉዊ ፓስተርም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የወይንን በሽታ የለየው በሱ ነው። አንድ ጠብታ ወይን፣ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ቀለም፣ መስታወቱን መሸፈን፣ 400 እጥፍ ማየት። የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፤ ሕያው የሆነው ቀለሙን መልሶ ያጠፋዋል፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብሬት ከሳካሮማይሲስ አነስ ይላል፣ አንዳንዱ ሴል አንድ ጫፉ ሾል ያለ ነው። መልኩ ግን ይለዋወጣል። በመልክ ብቻ “ይህ ብሬት ነው” ብሎ መማል አይቻልም። ማይክሮስኮፕ የሚነግራችሁ “ጸጥ ብሏል ባላችሁት ወይን ውስጥ ሕያው ነገር አለ” ብሎ ነው፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ሳህኑ ቀጥሎ ይመጣል። እኔ ሁለት ዓይነት እዘራለሁ። አንዱ ማንኛውም እርሾ የሚበቅልበት ነው። ሁለተኛው ላይ ሳይክሎሄክሲማይድ የሚባል ነገር ይጨመራል፤ ሳካሮማይሲስን ያቆመዋል፣ ብሬት ግን ይቋቋመዋል። እንዲህ ባይሆን ፈጣኑ እርሾ ሳህኑን ሞልቶ ዘገምተኛውን ይሸፍነዋል። ተማሪዎች፣ ሳይክሎሄክሲማይድ መርዝ ነው፤ ያለ ጓንት አትንኩት። ባክቴሪያ እንዳይወጣ ክሎራምፌኒኮል ይጨመራል። አጋሩ ላይ ትንሽ ኩማሪክ አሲድ ካከላችሁ ደግሞ ብሬቱ ራሱ ይናገራል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ ይሸታችኋል። ወይኑ ንጹሕ ከመሰለና ሴሉ ጥቂት ነው ብላችሁ ካሰባችሁ 100 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉና ማጣሪያውን እንዳለ ሳህኑ ላይ አንጥፉት። ከዚያ ትዕግሥት።

ሳህን አንድ ድክመት አለው። ድኝ የመታው እርሾ፣ ማለትም ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የነካው፣ ሕያው ሆኖ ሳለ ሳህን ላይ አልበቅልም ሊል ይችላል። አድፍጦ ይቆያል። ድኙ ሲደክም ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ድኝ በጨመራችሁ ማግስት ናሙና ልካችሁ “ምንም የለም” ስትባሉ አትደሰቱ። ጥቂት ሳምንት ቆዩና ድገሙት።

ለዚህ የሚረዳው ፒሲአር ነው። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስሙን ለምደነዋል፤ ያው ነው፣ የሚፈልገው የብሬትን ዲኤንኤ ነው እንጂ። ሳህኑ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበትን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፣ ምን ያህል እንዳለም ይነግራል። ችግሩ የሞተውንም ይቆጥራል። ትናንት ያጠባችሁት፣ እርሾው የተገደለበት በርሜል ዛሬ በፒሲአር “አለ” ሊል ይችላል። እኔ አቅም ሲኖር ሁለቱንም አሠራለሁ፤ ፒሲአሩ ቶሎ ያስጠነቅቀኛል፣ ሳህኑ ያረጋግጥልኛል። ሽታውን ራሱን ለመለካት ጋዝ ክሮማቶግራፊ አለ። ውድ ነው፣ ለእያንዳንዱ በርሜል በየወሩ የሚሆን አይደለም። ግን በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ቁጥሩ በሊትር ከ50 ወደ 150 ማይክሮግራም ከወጣ አፍንጫችሁ ምንም ሳይል ታውቃላችሁ። እርሾው እየሠራ ነው።

መቼ ነው መፈለግ ያለብን? ዋናው ፍላት፣ ማለትም ስኳሩ ወደ አልኮል የሚቀየርበት፣ አልቆ፣ ሁለተኛው ፍላት፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ማሊክ አሲዱን ወደ ላክቲክ የሚለውጡበት፣ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ ተብሎ ድኝ አይጨመርም። ወይኑ ያለ ጠባቂ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በርሜል ውስጥ ከገባ በኋላ፣ አየሩ ሲሞቅ። ከዚያም ጠርሙስ ሊገባ ወር ሲቀረው፤ በዋዜማው አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ድኙን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ብዙ ሰው “በሊትር 30 ሚሊግራም አለው፣ በቃ” ይላል። 30ው ስንት እንደሚሠራ የሚወስነው ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲወጣ አሲዱ ያንሳል። እርሾውን የሚገድለው ነጻ ከሆነው፣ ማለትም ወይኑ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ካልተጣበቀው ድኝ ውስጥ ሞለኪውላዊ የሚባለው ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው። ፒኤቹ 3.4 ከሆነ ከነጻው 2.5 በመቶ ገደማ ነው፤ 3.8 ላይ ሲደርስ 1 በመቶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሞለኪውላዊው በሊትር 0.5 ሚሊግራም እንዲሆን 3.4 ላይ 20 ሚሊግራም ነጻ ድኝ ይበቃል፤ 3.8 ላይ ግን 50 ገደማ ያስፈልጋል። ሙቀት ባለበት አገር ፍሬው ሲበስል አሲዱ ይወርዳል፣ ፒኤቹ ይወጣል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሞቃት ነው። ፒኤች መለኪያ ሳይኖር ድኝ መጨመር ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ነው።

ስለ በርሜልም ላንሣ። ብሬት እንጨቱ ውስጥ እስከ 8 ሚሊሜትር ድረስ ገብቶ ተገኝቷል። ላዩን ማጠብ አይደርስበትም። ሙቅ ውሃ፣ 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ማቆየት ይረዳል፤ እንፋሎትም እንዲሁ። አርጅቶ ሁለት ሦስት ጊዜ የታመመን በርሜል ግን አትከራከሩት፣ አስወጡት።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን አለማንሣት አልችልም። ጋኑን በግራዋ አሽተው፣ ደጋግመው አጥበው፣ በወይራ ጭስ አጥነው ነው የሚጥሉት። ማይክሮስኮፕ አላዩም። ግን መጠጡን የሚያበላሸው ነገር ዕቃው ላይ እንደሚያድር ያውቁ ነበር፤ ጥንቃቄያቸውም ሁሉ እዚያ ነበር። አውሮፓ ውስጥም ባዶ በርሜል ውስጥ ድኝ ያነድዳሉ። ጭሱ የተለያየ ነው፣ የድኙ ይበረታል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። እኔ ዘመናዊ የሚባል ጠማቂ ቤት ገብቼ መጀመሪያ የማየው ቱቦው ታጥቦ ተሰቅሎ እንደሆነ ወይስ ወለል ላይ ወይን እንደያዘ ተጠቅልሎ እንደሆነ ነው።

ጠጅና የፍራፍሬ ወይን የምትጥሉ፣ የእናንተ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ጣፋጭ መጠጥ ውስጥ ስኳር ቀርቷል፣ እርሾም ሕያው ነው። ጠጅ ቤት ብርሌ ላይ ቀርቦ ቶሎ ስለሚጠጣ ችግር የለውም። ጠርሙስ አሽጋችሁ መንገድ ላይ ስትልኩት ግን ፍላቱ እንደገና ይነሳል፤ ቡሹ ይዘላል፣ ጠርሙሱም ይፈነዳል። ሰው ዓይን ላይ የፈነዳ ጠርሙስ ቀልድ አይደለም። “ሶርቤት ጨምሬበታለሁ” ብሎ መተኛትም አያዋጣም፤ ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ የሚጨመር ማቆያ ነው። ዚጎሳካሮማይሲስ ቤይሊ የሚባል እርሾ አለ፤ ሌሎቹን የሚያቆመውን ማቆያ እሱ ይችለዋል፣ በጣም ጥቂት ሴል ገብቶ ቢቀር እንኳ ጠርሙሱን ያስነሳል። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ አየር ካገኘ ይመጣል፣ ዕቃውን እስከ አፉ ብትሞሉት ይጠፋል።

ላብራቶሪ ለሌላችሁ አንድ ቀላል ነገር አለ። ከሚታሸገው መጠጥ የታጠበ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ። ብርጭቆ ጠርሙስ አይደለም፣ ፕላስቲክ። ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። አዳማ ላይ ይህን ሙቀት ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም። በየቀኑ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። እየደነደነ ከሄደ ጋዝ አለ፣ እርሾው ሕያው ነው፣ አታሽጉት። ካልደነደነም ክፈቱና አሽትቱት፣ መደፍረሱንም እዩ። ይህ ብሬትን ለይቶ አይነግራችሁም፤ ግን የሚፈነዳ ጠርሙስ ገበያ ከመላክ ያድናችኋል።

የሆቴል ልጆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ዝዋይ ላይ የተተከለው የካስቴል ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ከወጣ ወዲህ፣ ከሱም በፊት ለአሥርት ዓመታት የአዋሽ ወይን ጠጅ ስለነበረ፣ እንግዳው የአገር ውስጥ ወይን ይጠይቃችኋል። ወይኑን ተበላሽቷል ብሎ ሲመልስላችሁ ምን እንደሆነ መለየት ቻሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ብዙ ጊዜ ከትናንት በስቲያ ተከፍቶ ቡና ማሽኑ አጠገብ የዋለ ጠርሙስ ነው፤ እሱ የእናንተ ጥፋት ነው። እርጥብ ካርቶን ካለ የቡሹ ነው። የጋሪ ፈረስ፣ ፕላስተር ካለ ግን ከአምራቹ ነው፤ ጠርሙሱን ከነቁጥሩ አስቀምጡና ለአምራቹ ንገሩ። ደፍታችሁ ዝም አትበሉ። እሱ ያንን ቁጥር ካላገኘ የትኛው በርሜል እንደታመመ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። አንድ ወጣት “ይህ ነገር ጤና ይጎዳል?” አለ። አይጎዳም፤ ብሬት ወይኑን እንጂ ጠጪውን አያሳምምም። አንዲት ተማሪ ከተጣራ ለምን እንጨነቃለን አለች። ማጣራት እርሾውን ያወጣል፤ የወጣውን ሽታ አይመልስም፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ እንደገና አሽቺው አልኳት።

ጠጅ በመጣል የሚተዳደሩ አንዲት እናት ተነሥተው “እኔ በምላሴ ነው የማውቀው፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” አሉኝ። እትዬ፣ ምላስዎን አይተዉት አልኳቸው፤ ማሩ ንጹሕ መሆኑን፣ ጌሾው መብዛት ማነሱን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ጠጁ ከቤትዎ ወጥቶ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ እዚያ ምላስዎ የለም። ለዚያ ነው ሃይላንዱ። “እሱንስ እሞክረዋለሁ” ብለው ተቀመጡ።

የጋሪ ፈረሱን ያገኙት አባት መጨረሻ ላይ እጃቸውን አወጡ። “ይኼ ሦስተኛው መቼ ነው ፈረስ የሚሆነው?” አሉ። ቀኑን መናገር አልችልም አልኳቸው። ሙቀቱ ይወስነዋል፣ የቀረው ድኝ ይወስነዋል፣ ስኳሩም። ከዚያ አንድ ነገር ተስማማን። ከዚያው ወይን ስድስት ትናንሽ ጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ቤታቸው ሞቅ ያለ ጓዳ አለ፤ እዚያ ያስቀምጡታል። በየወሩ አንዱን ከፍተው ያሸቱና የሸተታቸውን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። የጋሪ ፈረሱ የመጣበት ወር ላይ ይደውሉልኛል፣ እኔም የዚያኑ ቀን ከእኔ ዘንድ ካስቀመጥኩት ጠርሙስ ሳህን ላይ እዘራለሁ።